137 ፐርሰንት ይዞ ዘጠነኛ፦ የዌስተርን ቡልዶግስ ቀዳዳ የት ነው?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ነው። በአውስትራሊያ ፉትቦል ሊግ (AFL) የሚጫወተውን ቡልዶግስን መደገፍ የጀመርኩት የሰፈሬ ቡድን ስለሆነ ነው። በ2025 ቡድኑ 14 ጨዋታ አሸንፎ፣ በፐርሰንቴጅም ከቀዳሚዎቹ ተርታ ቆሞ ለዋንጫ በሚጫወቱት ስምንቱ ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ደካማ ቡድን ሲያገኝ ይጨፈጭፋል፤ ጠንካራ ሲመጣበት ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሦስትና አራት ጎል ይቆጠርበታል። የተጫዋች እጥረት ነው ወይስ የአጨዋወት ችግር?»

ምላሽ፦

በዋናነት የአጨዋወት ነው። ጉዳት የራሱ ድርሻ ነበረው፣ እመለስበታለሁ። ግን ደካማውን የሚያስጨፈጭፈውና ለጠንካራው አሳልፎ የሚሰጠው ያው አንድ አጨዋወት መሆኑን ካላየን ነገሩ ሁልጊዜ እንደ እንቆቅልሽ ይቀራል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ፐርሰንቴጅ በእኛ እግር ኳስ የግብ ክፍያ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፣ ስሌቱ ግን በመቀነስ ሳይሆን በማካፈል ነው። ያስቆጠራችሁት ነጥብ (አንድ ጎል ስድስት ነጥብ ነው) ለተቆጠረባችሁ ነጥብ ይካፈልና በ100 ይባዛል። አንድ ምናባዊ ቡድን እንውሰድ። አምስት ጨዋታ 150 ለ60 ያሸንፋል፣ አምስት ጨዋታ ደግሞ 80 ለ90 ይሸነፋል። ያገባው 1150፣ የገባበት 750፣ ፐርሰንቴጁ 153 ይሆናል። ማንም ሲያየው ሻምፒዮን ይመስለዋል፤ ግን ያሸነፈው ግማሹን ብቻ ነው። ቡልዶግስ እንዲህ የከፋ አልነበረም፣ የነገሩ ባሕርይ ግን ይኸው ነው። ከ23 ጨዋታ 14 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፣ ፐርሰንቴጁ 137 አካባቢ ነበር፣ ድሎቹ ደግሞ በአብዛኛው ከሱ በታች በነበሩ ቡድኖች ላይ የተገኙ ናቸው። አንድ ድል አራት ነጥብ ስለሆነ በ56 ነጥብ ቆመ፤ ስምንተኛው ሃውቶርን 60 ነበረው። ፐርሰንቴጅ የሚያገለግለው ነጥብ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። በመጨረሻው ሳምንት በራሱ ሜዳ፣ ማርቭል ስታዲየም፣ ፍሪማንትልን ቢያሸንፍ ኖሮ እሱም 15 ድል ይኖረው ነበር፣ ያን ሁሉ የሰበሰበው ፐርሰንቴጅም ያኔ ይከፍለው ነበር። ተሸነፈ። በ90 ነጥብ ልዩነት የተገኘ ድል ከአንድ ነጥቡ ድል የሚበልጥ ምንም አልሰጠውም።

አሁን ወደ ሜዳው። የአሰልጣኝ ሉክ ቤቨሪጅ ቡድን የሚኖረው በሁለት ነገር ነው፦ ከግርግር (ተጫዋቾች ተሰብስበው ኳስ ከሚሻሙበት ቦታ) ኳስ በማውጣትና የተነጠቀውን ኳስ እዚያው በተቃራኒ ሜዳ መልሶ በማግኘት። ሁለተኛውን አስቀድማለሁ፤ ዋናው ቀዳዳ እዚያ ስላለ።

ቡልዶግስ ኳሱን ወደ ተቃራኒ 50 ሜትር ቅስት (ከጎሉ 50 ሜትር ርቀት ላይ ወደተሰመረው ክልል) አስገብቶ ተከላካዩ ቢይዝበት፣ አሥራ ስምንቱም ተጫዋቾች ወጥመድ ይዘረጋሉ። አጥቂዎቹ ኳስ የያዘውንና በአጭር ርቀት ሊቀበሉት የሚችሉትን ይዘጋሉ። አማካዮቹና የመስመር ተጫዋቾቹ ከዚያ 30 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ሆነው፣ ኳሱ ወዳለበት ጎን ተጠግተው ሁለተኛ አጥር ይሠራሉ። ተከላካዮቹ ራሳቸው እስከ መሐል ሜዳ ይወጣሉ፤ ከራሳቸው ጎል 80 ሜትር ያህል ርቀው ማለት ነው። ሜዳው 160 ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ማርቭል ላይ ደግሞ ወደ 129 ሜትር ስፋት ስላለው አሥራ ስምንት ሰው ሁሉንም መሸፈን አይችልም። ስለዚህ ኳሱ የሌለበት ሰፊው ጎን ሆን ተብሎ ይተዋል።

ደካማ ቡድን እዚህ ምን ያደርጋል? አጭር ቅብብል ተዘግቶበታል፣ ወደ መሐል መምታት ያስፈራዋል፣ ስለዚህ በመስመሩ ዳር 50 ሜትር የሚደርስ ረጅም ኳስ ይለጋል። ያ ኳስ የሚወርድበት ቦታ ላይ ደግሞ ሮሪ ሎብና ቲም ኢንግሊሽ ቆመዋል፤ ሁለቱም ከሁለት ሜትር በላይ ናቸው። ወይ ማርክ ይይዙታል (የተመታውን ኳስ ከአየር ላይ ይቀልቡታል፣ ከዚያ ሳይነኩ ይመታሉ)፣ ወይ በጡጫ ወደ ውጭ ያወጡታል። ከወጣ ግርግር ይሆናል፣ ግርግር ላይ ደግሞ ማርከስ ቦንተምፔሊና ቶም ሊበራቶሬ አሉ። ኳሱ ተመልሶ ይገባል። ይህ አዙሪት አሥር ደቂቃ ሲቀጥል አምስት ጎል ይሆናል፤ እርስዎ «ይጨፈጭፋል» ያሉት ይህን ነው።

ጠንካራ ቡድን ያንኑ ወጥመድ ሲያይ መስመሩን ትቶ ወደ መሐል በሰያፍ ይመታል። ከ30 እስከ 35 ሜትር የሚሄድ፣ ዝቅ ያለ፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ከእግር የሚወጣ ኳስ ነው። ይህ ምት ከተሳሳተ ፊት ለፊት ጎል ስለሚያስቆጥርበት ሁሉም አይደፍረውም። ጂሎንግ፣ ብሪዝበን፣ ኮሊንግዉድ፣ ሃውቶርን የሚደፍሩት እግራቸውን ስለሚያምኑ ነው። ተቀባዩ መሐል ላይ ማርክ እንደያዘ ቀጣዩ ኳስ ወደዚያ ወደተተወው ሰፊ ጎን ይሄዳል። በሁለት ምት ብቻ አሥራ አራት የቡልዶግስ ተጫዋቾች ከኳሱ ኋላ ቀርተዋል። ፊት ለፊት ያለው 80 ሜትር ባዶ ሣርና ወደ ራሳቸው ጎል ዞረው የሚሮጡ አራት ተከላካዮች ናቸው።

በ2021 የመጣው «ቁም» የተባለው ደንብ ይህን ሰያፍ ምት ይበልጥ አቅልሎታል። ማርክ ከተያዘ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ የቆመው ተከላካይ ወደ ጎን መንቀሳቀስ አይችልም፤ ከተንቀሳቀሰ ኳሱን 50 ሜትር ወደ ፊት የሚያስጠጋ ቅጣት አለ። ድሮ ሁለት እርምጃ ወደ መሐል በመውሰድ ብቻ ያን ማዕዘን ይዘጋ ነበር። እስከ 2025 የነበረው መላ ከመጀመሪያው አምስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነበር፤ ከዚያ ክልል ውጭ ያለ ሰው እንደልቡ መንቀሳቀስ ይችል ነበር። ቡልዶግሶች ግን በስሜት እየተንደረደሩ እዚያው ምልክቱ ላይ ይደርሱና «ቁም» ተብለው እንደ ምሰሶ ይቀሩ ነበር። ቀላል ስህተት ይመስላል፤ በሩን የሚከፍተው ግን እሱ ነበር።

የኋላው መስመር ለምን በተለየ ይቀጣል ቢሉ፣ የተሠራው ለሌላ ሥራ ስለሆነ ነው። ሎብ አጥቂ ነበር፤ ወደ ተከላካይነት የተቀየረው በ2024 ነው፣ ለውጡም ጥሩ ነበር። ፊቱን ወደ ኳስ አዙሮ ቆሞ ሲጠብቅ የአየሩን ኳስ ማንበብ ይችልበታል። ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወደ ጎሉ እየሮጠ፣ መሬት ላይ የሚንከባለል ኳስ ከአንድ ሜትር ከሰማንያ ፈጣን አጥቂ ጋር መሻማት ግን የእሱ ሥራ አይደለም። በዚያ ላይ ቤይሊ ዴል የመሰለ ከኋላ የሚነሳ ሯጭ አለ፤ በ2025 የዓመቱ ምርጥ 22 ውስጥ የገባው በማጥቃቱ ነው። ኳሱ ሲያልፍ ዴል ከፊት ይገኛል፣ ሃንድቦሉ (ኳሱን በጡጫ መትቶ ማቀበሉ) ሲበላሽ ደግሞ ትቶት የወጣው ቦታ ባዶ ነው። ዴልን መውቀስ አይገባም፤ እሱ ሲወጣ ማን ይሸፍናል የሚለው ነው ጥያቄው፣ መልሱም ብዙ ጊዜ «ማንም አይሸፍንም» ነው።

ወደ ግርግሩ እንምጣ። ብዙ ደጋፊ ቡልዶግስ እዚህ ጠንካራ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እውነትም ጠንካራ ነው፣ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ።

ኳሱ ተወርውሮ ሁለቱ ራክማኖች፣ የየቡድኑ ረጃጅም ዘላዮች፣ ሲዘሉ ዙሪያውን የሚቆሙት አማካዮች ሁለት ወገን አላቸው፦ ወደሚያጠቁት ጎል ያለው የፊት ወገንና ወደ ራሳቸው ጎል ያለው የኋላ ወገን። ቡልዶግስ የሚወደው አሠራር ሊበራቶሬ ከታች ጎንበስ ብሎ ኳሱን ሲያነሳ፣ ከኋላው በሃንድቦል ለሚንደረደረው ኤድ ሪቻርድስ ሲሰጠው፣ ቦንተምፔሊ ደግሞ የፊት ወገንን ይዞ ሲጠብቅ ነው። ኳሱ ከተገኘ ከግርግር እስከ 50 ሜትሩ ቅስት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ኳሱን ተቃራኒው ካገኘው ግን ሦስቱም አማካዮች ወደ ፊት አዘንብለዋል፣ የኋላው ወገን ላይ የቀረ ሰው የለም። ተቃራኒው ሳይነካ፣ ቀና ብሎ እያየ፣ እየሮጠ ይመታል። ሳይቸኩል የሚመታ አማካይ ደግሞ የአጥቂውን ደረት ነው የሚያገኘው።

የዚህ ትልቁ ማስረጃ የ2021 የፍጻሜ ጨዋታ ነው፣ ፐርዝ ላይ ከሜልቦርን ጋር። በሦስተኛው ሩብ ቡልዶግስ በ19 ነጥብ ይመራ ነበር። ከዚያ በኋላ ሜልቦርን 100 ነጥብ ሲያስቆጥር ቡልዶግስ 7 ብቻ አስቆጠረ፤ 140 ለ66 አለቀ። ሦስተኛው ሩብ ሳያልቅ መሪነቱ ወደ 24 ነጥብ ጉድለት ተገልብጦ ነበር። ያኔ የሜልቦርን አማካዮች ክርስቲያን ፔትራካና ክሌይተን ኦሊቨር ኳሱን ከመሐል እየደጋገሙ ሲያወጡት ቡልዶግስ አቋሙን አልቀየረም፤ ቀጣዩንም ኳስ እንደገና ለማግኘት ተሰለፈ።

እዚህ ላይ 6-6-6 የተባለውን ደንብ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ2019 ጀምሮ ከጎል በኋላ ኳሱ መሐል ላይ ሲጀመር እያንዳንዱ ቡድን ስድስት ሰው ከኋላ፣ ስድስት ከመሐል፣ ስድስት ከፊት ማቆም አለበት። ስለዚህ ጎል በጎል ላይ ሲዘንብ እንደ ድሮው ትርፍ ተከላካይ አስቀድሞ ከኋላ መደርደር አይቻልም። ማገጃው ሁለት ብቻ ነው። አንዱ፣ መሐል ካሉት አማካዮች አንዱ ኳሱን ማግኘት ይቅርበትና የኋላውን ወገን ይዞ ይቁም። ሁለተኛው፣ ኳሱ እንደተጀመረ አንድ ከፊት የነበረ ተጫዋች ወደ ኋላ ይሩጥ፤ ደንቡ የሚይዘው እስከ መጀመሩ ድረስ ነውና። ሁለቱም የሚያሳፍር ነገር የላቸውም፣ ግን ማጥቃትን ይቀንሳሉ፤ ይህ ቡድን ደግሞ ማጥቃቱን መቀነስ አይወድም።

ከፊት በኩል ሌላ ዋጋ ይከፈላል። ሳም ዳርሲ 208 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አሮን ናውተን ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ራክማኑ ሲያርፍ ሦስተኛ ረጅም ይጨመራል። ማርክ ከያዙ ማንም አይችላቸውም። ኳሱ መሬት ከወደቀ ግን የተቃራኒውን ፈጣን ተከላካይ አሳድዶ የሚያስቆም ሰው ያንሳል። ኮዲ ዌይትማን በጉልበት ጉዳት ዓመቱን ማጣቱ የጎዳው እዚህ ነው፤ ከጎሎቹ ይልቅ ማሳደዱ ነው የጎደለው። ወጥመዱ የሚሠራው የመጀመሪያው መቺ ተቻኩሎ ሲመታ ነው። አሳዳጅ ከሌለ ያ ሰያፍ ኳስ ለመካከለኛ መቺ እንኳ ይቻለዋል።

ስለ ተጫዋች እጥረት ደግሞ በአጭሩ፦ ቦንተምፔሊ በባት ጡንቻ ጉዳት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አጣ፣ አዳም ትሬሎር አብዛኛውን ዓመት አልነበረም፣ ዳርሲም በጉልበት ሳምንታት ጠፋ። ከዚያ በፊት በ2024 መጨረሻ ቤይሊ ስሚዝ ወደ ጂሎንግ፣ ጃክ ማክሬ ወደ ሴይንት ኪልዳ፣ ኬለብ ዳንኤል ወደ ኖርዝ ሜልቦርን ሄደዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን በ2024 የማጣሪያው ጨዋታ ላይ፣ ሦስቱ ገና ሳይሄዱ፣ ሃውቶርን ሜልቦርን ክሪኬት ግራውንድ ላይ በ37 ነጥብ አሸንፎታል። ያ ሜዳ ከማርቭል አሥር ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ሆን ተብሎ የተተወው ጎን እዚያ ይበልጥ ሰፊ ነው። በማርቭል ጣሪያ ሥር፣ ያለ ነፋስና ያለ ዝናብ፣ በፈጣን ሃንድቦል የሚሠራ ቡድን ወደዚያ ሲወጣ ቀዳዳው አብሮት ይሰፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አጨዋወቱን መጣል አያስፈልግም፤ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል፣ የጎደለው ሁለተኛው ባላ ነው። በእኔ ግምት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት በግርግር ላይ ከሦስቱ አንዱ የኋላው ወገን ጠባቂ ይሁን፤ ለዚህ ማቲው ኬኔዲ የተሻለ ይሆናል፣ ምክንያቱም ሪቻርድስን ማሰር ሯጩን መጣል ነው። ኪሳራው በየሩቡ አንድ ሁለት የተነጠቀ ኳስ ነው፤ ትርፉ ተቃራኒው ሳይነካ የሚመታቸው ኳሶች መቀነስ ነው። ቀጥሎ፣ ኳሱ በሌለበት ጎን ያለው የመስመር ተጫዋች 15 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቁም። አሁን ወደ ኳሱ በጣም ይጠጋል፤ ትንሽ ቢርቅ ሁለተኛውን፣ ወደ ሰፊው ጎን የሚሄደውን ኳስ ይደርስበታል። ይህ ሰውየውን ብዙ ያስሮጠዋል። የአንድ ጨዋታ ቅያሪ በ75 የተገደበ ስለሆነ፣ በየሩቡ 18 ወይም 19 ማለት ነው፣ ለመስመር ተጫዋቾቹ ከአጥቂዎቹ ተቀንሶ ሊሰጣቸው ይገባል። ብዙ አሰልጣኝ ቅያሪውን ለአማካዮቹ ብቻ ያፈስሰዋል፤ የመጨረሻው ሩብ ላይ ሰፊው ጎን የሚከፈተው ለዚህም ነው።

ሌላው ጨዋታን ማቀዝቀዝ ነው። ተከታታይ ሁለት ጎል ከተቆጠረበት ቀጣዩን ኳስ ወደ ፊት ከመልጋት 15 ሜትር ብቻ የሚያልፍ አጭር ምት መቀባበል ይበቃል፤ ማርክ ለመባል የሚያስፈልገው 15 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ማርክ ጥቂት ሰከንድ ይገዛል፣ አሥር ማርክ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል፣ በዚያ ጊዜ ሁሉም ቦታውን ይይዛል። ብሪዝበን በዚህ የተካነ ነው፣ የ2024ና የ2025 ዋንጫንም ወስዷል። ቡልዶግስ ሲሞክረው ሦስተኛው ማርክ ላይ ትዕግሥቱ ያልቅና አንዱ በሃንድቦል መሐል ለመሐል ይነሳል።

2016ን የሚያነሱ አሉ፤ ሰባተኛ ሆኖ ገብቶ፣ ዌስት ኮስትን፣ ሃውቶርንን፣ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒን፣ በፍጻሜውም ሲድኒን 89 ለ67 አሸንፎ ከ1954 በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳበትን ዓመት። በሃንድቦል ከጠባብ ቦታ መውጣት ያኔ ለተቃራኒዎቹ እንግዳ ነበር፣ 6-6-6ም «ቁም»ም ገና አልመጡም። ያን ዓመት ለዛሬው ቡድን መድኃኒት አድርጎ ማቅረብ አያስኬድም።

ይልቅ በ2026 የገቡት ደንቦች ይረዱታል። በሁለቱ 50 ሜትር ቅስቶች መካከል ተጫዋች መትቶት ወይም በሃንድቦል ሰጥቶት ሌላ ሰው ሳይነካው ከመስመር የወጣ ኳስ አሁን ለተቃራኒው ነጻ ምት ይሆናል። ከወጥመዱ ለማምለጥ ዳሩን ይዞ መለጋት ከድሮው ይበልጥ አስጊ ሆነ ማለት ነው፤ ደካማው ቡድን ይበልጥ ይታነቃል። ግን አደጋውም እዚያው አለ፦ ዳሩ ሲያስፈራ ሁሉም ሰያፉን መምታት ይለማመዳል። ተቀያሪው አምስት መሆኑ ለመስመር ተጫዋቾቹ እስትንፋስ ይሰጣል። ሰባተኛና አሥረኛ፣ ስምንተኛና ዘጠነኛ የሚጋጠሙበት ተጨማሪ ዙር በመምጣቱም ዘጠነኛ መሆን እንደ 2025 በር አይዘጋም።

ሜዳ ሲገቡ ራስዎ እንዲያረጋግጡት አንድ መላ ልንገርዎ። በጎን ሳይሆን ከጎሉ ጀርባ፣ ከፍ ያለ ወንበር ይያዙ፤ ስፋቱ የሚታየው ከዚያ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ተቃራኒው ከራሱ ሜዳ ኳስ ባስነሳ ቁጥር የመጀመሪያውን ምት ብቻ ይመዝግቡ፦ ዳር ከሆነ አንድ ሰረዝ፣ ሰያፍ ሆኖ ከተያዘ አንድ ክብ። በእኔ ሚዛን ከሦስት አንዱ ክብ ከሆነ፣ የነጥብ ሰሌዳው ቡልዶግስን ቢያስመራም ጨዋታው አደጋ ላይ ነው። ከዚያ ጎል በተቆጠረ ቁጥር ዓይንዎን ከኳሱ ነቅለው መሐል ላይ ያሉትን አማካዮች ይዩ፣ ከእነሱ መካከል ጀርባውን ለራሱ ጎል ሰጥቶ ወደ ኋላ ወገን የቆመ አንድ ሰው ይፈልጉ። ሁለተኛው ሩብ እስኪጋመስ ያ ሰው ካልታየ፣ የሚቀጥሉት አራት ጎሎች ከየት እንደሚመጡ አስቀድመው ለጎረቤትዎ መንገር ይችላሉ።